ዘጠኝ ቁጥር መደብ

ልብስ ሰፊዋ ያንን ቦታ ስታገኘው የጠርሙስ ስባሪና የአረም መንደር ነበር። ከፎቆቹ ጀርባ ያለው መሬት በአንድ ወቅት ለነዋሪው በመደብ በመደብ ተከፋፍሎ አትክልት ይበቅልበት ነበር አሉ፤ ባለመደቦቹ ስማቸውን አስይዘው እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ለሌላም አንለቅም አሉና ጠፍ ሆኖ ቀረ። እሷ ባሏን የቀበረች ሰሞን ቤት መቀመጥ ቢያስጠላት አካፋ ገዝታ ወረደች።

"ሴትዮዋን ሐዘን ናላዋን አዞረው" ተባለ። የመጀመሪያውን ጎመን ቆርጣ በየበሩ እያንኳኳች ስታድል ግን የሳቀው አፍ ሁሉ ዘር ይጠይቃት ጀመር። በዓመቱ ሃያ ስድስት ቤተሰብ መደብ ያዘ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ደጅ ስትጠናው ከርማ ቧንቧ አስገባላቸው። ደንብ ይጻፍ ሲባል "ሁለት ወር ባለቤቱ በእጁ ያልሠራበት መደብ ለተጠባባቂ ይሰጥ" ያለችው እሷው ናት፤ ቦታው አንዴ በምን እንደሞተ ታውቃለቻ። ለሊቀመንበርነት ግን አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖረውን ታናሽ እህቷን አስመረጠች። ታናሽየዋ የትምህርት ቤት ጸሐፊ የነበረች፣ ሹም ፊት ምላሷ የማይተሳሰር ሴት ናት። "እኔ መርፌ እንጂ እስክሪብቶ አልገራሁም" አለች ልብስ ሰፊዋ።

በሦስተኛው ዓመት ሌላ ከተማ ያለችው ልጇ መንታ በኦፕራሲዮን ወልዳ ክፉኛ ታመመች። ልብስ ሰፊዋ ሻንጣዋን እንደያዘች የእህቷን በር አንኳኳች።

"መደቤን አደራ፤ ቲማቲሙ ሊቀላ ነው።"

"ሂጂ እታለም፣ እኔ እያለሁልሽ ምን ያሳስብሻል?"

ሦስት ወር ከሳምንት አስታመመች። ስትመለስ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ጓሮው ዞረች። በእሷው ዘጠኝ ቁጥር መደብ ላይ የማታውቃቸው ባልና ሚስት ጎንበስ ብለው ሽንኩርት ይተክላሉ። የእሷ ቲማቲም ከነሥሩ ተነቅሎ አጥር ሥር ተከምሯል።

"ማን ፈቀደላችሁ?"

"ሊቀመንበሯ ናቸው" አለች ሚስትየው ቀና ብላ። "ምነው እማማ፣ ያጠፋነው አለ?"

ወደ እህቷ ቤት ወጣች።

"ውሃ አጠጪልኝ አላልኩሽም?"

"አጠጣሁልሽ። ደንቡ ግን ባለመደቡ በእጁ ይላል። አሥራ ስምንት ሰው ተራ እየጠበቀ ያንቺን ብዘል ለእህቷ አደላች አይሉኝም?"

"ስልክ የለሽም? አንድ ቃል ብትነግሪኝ በማግሥቱ አልመጣም ነበር?"

ታናሽየዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። "ልጅሽ አልጋ ላይ ወድቃ እንዴት ላስጨንቅሽ?"

ክፋቱን ደግነት ማልበሷ ነው ልብስ ሰፊዋን ያንገበገባት።

እሁድ በተጠራው ስብሰባ ተነሥታ ቆመች። "እኔ ያንን ደንብ ያልኩት ለሰነፍ እንጂ ለአስታማሚ አይደለም" አለች። ዘር ከእጇ የተቀበሉት፣ ቡቃያን ከአረም መለየት ያስተማረቻቸው ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። "ደንቡ ዛሬ ለእሷ ከተጣሰ ነገ ለሁሉም ነው" አለ አንዱ ከኋላ። ይመለስላት የሚል እጅ ያውጣ ሲባል የአንድ ዳቦ ጋጋሪ ባለመደብ እጅ ብቻውን ወጣ።

"እንግዲያው ተጠባባቂ አድርገሽ መዝግቢኝ" አለች።

ታናሽየዋ መዝገቡን ገለጠች። ቀና ሳትል፣ እንደ ልማዷ "የአባት ስም?" ብላ ጠየቀች።

"ካንቺው ገልብጪው" አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ሹራቧን ሰብስባ ወጣች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተራዋ ደርሶ በበሯ ሥር ደብዳቤ ገባ። "የተከበሩ አመልካች" ይላል፤ በአሥር ቀን ውስጥ ካልቀረቡ ለሚቀጥለው ይተላለፋል ይላል። አልቀረበችም፤ ተላለፈ። እህትማማቾቹ ዛሬም በአንድ ደረጃ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ሲገጣጠሙ አንዷ ጥግ ይዛ ሌላዋን ታሳልፋለች፤ እንደምን አደርሽ እንኳ አይባባሉም።