አራተኛው ጣት

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የብረት በር ልታሠሩ ወደ እኔ ስትመጡ ባዶ እጃችሁን አትመጡም። ስልካችሁን ታወጡና የሌላ ሰው በር ፎቶ ታሳዩኛላችሁ። ልክ እንደዚህ አድርጊልኝ ትላላችሁ። አሥራ አንድ ዓመት ስበይድ፣ ለአንቺስ ምን ይታይሻል ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። የአንበሳ ራስ፣ የወይን ዘለላ፣ ዘውድ፣ ከዚያ ሁሉም ላይ ወርቃማ ቀለም። ከተማው በሙሉ የአንድ ሰው ግቢ ሊመስል ምንም አልቀረው። ይህ ያናድደኛል፤ ከአሁኑ እወቁልኝ።

አምና መሃል ከተማ አንድ አዳራሽ የመስኮት ብረት ልለካ ስገባ፣ ወጣት ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች ሥራቸውን እያሳዩ ደረስኩ። መካከል ላይ ከተሰባበሩ የተማሪ ዴስኮች የተሠራ፣ ጣሪያ ሊነካ ትንሽ የቀረው መሰላል ቆሟል። ጠጋ ብዬ ሳየው እንጨቱ አልተላገም። ተማሪዎች በምላጭ የቀረጹት ስም፣ ልብ፣ የፈተና መልስ ሳይቀር እንዳለ አለ። ሠሪው ሊያለሳልሰው ይችል ነበር፤ አላለሳለሰውም። ሜትሬን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ፤ የመጣሁበትን መስኮትም ሳልለካ ወጣሁ። ደስ ብሎኝም ነበር፣ ተናድጄም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ጭረት በግራይንደር ሳጠፋ ስኖር፣ ጭረቱ ራሱ የሚናገረው ነገር እንዳለው የነገረኝ የለማ።

በማግስቱ ማለዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወረድኩ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ከጀልባ ሲያራግፉ አባ ኮዳዎቹ ደመወዝ እንደሚጠብቅ ጡረተኛ ተደርድረው ይቆማሉ። ራሳቸው በራ፣ ጉሮሯቸው የተንጠለጠለ፣ ማንም ቆንጆ ብሎ የማይጠራቸው ወፎች ናቸው። አንዷ በግራ እግሯ እንደ ሌሎቹ አራት ጣት የላትም፤ ሦስት ብቻ ነው ያላት። ዕድሜያቸውን እዚያው ዓሣ በማስገር የጨረሱት ጋሽ ደበሌ፣ የመረብ ክር ተጠምጥሞባት እንደተቆረጠ ነገሩኝ። ማንንም ሳትጠብቅ ቀድማ ገብታ ድርሻዋን ስለምትወስድ «እሜቴ» ይሏታል።

የበር ልኬት በምጽፍበት ደብተር ሦስት ሳምንት እሜቴን ሣልኩ። ከዚያ ከሰው በር የተረፈ ላሜራና ፌሮ ለቃቅሜ፣ እሑድ እሑድ ከቸርች መልስ በየድኳት። ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል። ክንፏ ላይ የአሮጌ በር ቀለም አለ፤ አልፋቅሁትም። የግራ እግሯን ጣቶች ሦስት አደረግኋቸው። በሕይወቴ ፎቶ ሳላይ የሠራሁት የመጀመሪያው ነገር ነው።

አቶ ክብሩ ሐይቁ ዳር አዲስ ሆቴል እያስገነቡ ነበር። ያዘዙኝን የግቢ በር ሊያዩ መጥተው እሜቴን አይተው ቆሙ። ዞሯት፣ ነካኳት፣ መግቢያዬ ላይ አቆማታለሁ አሉ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሁለት ነገር ብቻ ለመንኳቸው፦ እንዳለች ትቁም፣ ከሥሯም ስሜ በትንሽ ብረት ይጻፍ። ምን ችግር አለው አሉኝ።

ወፏን ከወሰዱ በኋላ ደወሉ። አንድ ጣት ረስተሻል፣ መጥተሽ ጨምሪ አሉ። እንዳልረሳሁ፣ እሜቴ ማን እንደሆነች፣ የመረቡን ነገር ሁሉ አስረዳኋቸው። እንግዳ ጎዶሎ ነገር አይወድም ሲሉኝ እምቢ አልኩ። ዝም አሉ። ዝምታቸውን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት፤ ሞኝ ነኝ።

ለምርቃቱ የተጠራሁት እንደ ቀራፂ አይደለም። የግቢው በር አልዘጋ ብሎ ማጠፊያውን እንዳስተካክል ነው የተጠራሁት። የመሣሪያ ቦርሳዬን እንደያዝኩ ፓስተሩ ጸለዩ፣ ሪባኑ ተቆረጠ፣ ወፏ የተሸፈነችበት ጨርቅ ተገፈፈ። እሜቴ ከራሷ እስከ እግሯ ወርቃማ ቀለም ተቀብታለች። ስሜ የለም። የግራ እግሯ ላይ ሌላ በያጅ አራተኛ ጣት ለጥፎባታል። አቶ ክብሩ በማይክራፎን ከዱባይ እንዳስመጧት ሲናገሩ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ የውጭ ሥራ እኮ ያስታውቃል አለች። ደሜ ፈላ።

ማይክራፎኑን ዝቅ ሲያደርጉ ጠጋ ብዬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው የተሠራችው ብል ማን ዞር ብሎ ያያታል?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ለአንቺም አስቤ ነው።»

የሚያቃጥለው ደግሞ ከልባቸው ማመናቸው ነው። እያታለሉኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ደበሌ ለሆቴሉ ዓሣ ስለሚያቀርቡ ተጋብዘው ነበር። ወደ ወፏ ሄዱና ቁጢጥ ብለው እግሯን ዳሰሱ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ነኩ። ከዚያ ከጀልባ ጀልባ ሲጣሩ በለመዱት ድምፅ፦

«እሜቴ ናት። ጣቷን ማን መለሰላት?»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ዛሬ ጠዋትም ዓሣ ተራ እንደነበረች፣ በሦስት ጣቷ ቆማ ድርሻዋን እንደበላች ተናገሩ። ቀጥለው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ይቺ ልጅ ቆማ ስትሥላት ሦስት ሳምንት ሻይ አጠጥቻታለሁ። ወፏ ዱባይ መቼ ሄደች?»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ወደ አቶ ክብሩ ዞረ። ማይክራፎኑን መልሰው ወደ አፋቸው አቀረቡ። እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ መዶሻዬን አወጣሁ።

«ሐዳሳ» አሉ አቶ ክብሩ።

የዚያን ዕለት ስሜ በሰው ፊት ሲጠራ የመጀመሪያው ነው፤ በድምፅ ማጉያው ግቢውን ሁሉ ሞላው። ተንበረከክሁና አራተኛውን ጣት መታሁት። በአንድ ምት ተነቅሎ ከጫማቸው ሥር ወደቀ።

«የእኔ ብየዳ ቢሆን» አልኳቸው፣ «አይወድቅም ነበር።»