ለፈተና የሞተችው አያት

የመጨረሻ ዓመት ተማሪውን ጓደኞቹ «ቴፑ» ይሉታል። እንግሊዝኛን አይማራትም፤ ይሸመድዳታል። «እንግሊዝኛ ወንዝ ናት፤ ተሻግረህ ዲግሪህን ትቀበላለህ እንጂ ማን ይዋኝባታል?» ባይ ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ መሃል ላይ ካቋረጡት ካቆመበት መቀጠል አይችልም፣ ከመጀመሪያው ይነሳል።

ለእንግሊዝኛ የቃል ፈተናው የያዘው ከቀደሙት ተመራቂዎች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን መልስ ነበር፦ «ትዕግሥትን ያስተማረችኝ ሟች አያቴ»። ምስኪን አያት! ያልሞተችለት ተማሪ የለም። ቴፑን ያሳደጉት አያት ግን በሕይወት መኖር ብቻ ሳይሆን በሩ ላይ ነበሩ። ይህን ፈተና ከወደቀ ምርቃት እንደሌለ ሰምተው፣ አይዞህ ሊሉት መጥተው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘዋል።

ፈታኟ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያዳምጣሉ። ቴፑ ተንቆረቆረ። አያቱን አሳመመ፣ አስታመመ፣ ሊቀብር ሲል ፈታኟ አቋረጡት።

«መቼ ነው የሞቱት?» አሉ በእንግሊዝኛ።

ቴፑ በላብ ተጠመቀ። «ትዕግሥትን ያስተማረችኝ...» ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ። ደግመው አቋረጡት፤ እሱም ሴትዮዋን አስነስቶ እንደገና አሳመማት።

በዚህ መሃል በሩ ገርበብ አለና አያቱ አንገታቸውን አስገቡ። «ልጄ፣ አልጨረስክም እንዴ? ወንበሩ እኮ ወገቤን ጨረሰው።»

«ማን ናቸው?» አሉ ፈታኟ፣ በዚያው በእንግሊዝኛ።

ለዚህ የተሸመደደ መልስ አልነበረም። ቴፑ አያቱን አየ፤ አፈረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን እንግሊዝኛ እየተደናቀፈ አወጣው።

«አያቴ ናት። አልሞተች። እኔ ገደልኩ፣ ለፈተና። ፈራሁ። እሷ ደህና፤ ወገብ ብቻ ያማታል። እውነት ከሞተች እኔ... ቃሉን አላውቅም።»

ፈታኟ ሳቃቸውን በመሐረብ አፈኑ። እንግሊዝኛውንም ተዉት። «ከጠዋት ጀምሮ አያት ስቀብር ውዬ፣ ያነጋገረኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ። አልፈሃል። በል አሁን ይዘሃቸው ሂድ፤ ወንበሩ እውነትም ይቆረቁራል።»

ኮሪደሩ ላይ ቴፑ አያቱን ጥምጥም አለባቸው። እሳቸው ግራ ገባቸው።

«ምን ብለህ አለፍክ?»

«ስለ አንቺ ነው እማማ። በሕይወት አለች አልኩ።»

አያቱ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይህን ለማለት ነው አራት ዓመት ሙሉ የተማርከው?»