ጠራዡ የሚያነባት ገጽ

ከዩኒቨርሲቲው የኋላ በር ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲጠርዝ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው በእጁ ያላለፈ የትምህርት ዓይነት የለም፤ ያነበበው ግን ከእያንዳንዱ አንዲት ገጽ ብቻ ነው። ምስጋናውን። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት "የቀረው ለኔ አልተጻፈም" ይላል። የአፈር ጨዋማነትና የኮንክሪት ጥንካሬ ምን አገባኝ ማለቱ ነው። ምስጋናው ላይ ግን ሰው አለ። እናት አለች፣ ቤቱ ያስጠጋ አጎት አለ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲያንገላታ የከረመ አማካሪ እንኳ እዚያ ጋ ሲደርስ በጨዋ ቋንቋ ይመሰገናል። ጠራዡ መነጽሩን አድርጎ ያቺን ገጽ ያነባታል፤ ከልብ ያልሆነች ከመሰለችው "ይሄስ ለይስሙላ ነው" ብሎ ሙጫውን መቀባት ይጀምራል።

እንዲህ ያለ ሰው የገዛ ልጁ ስትመረቅ ምን እንደሚጠብቅ መናገር አያስፈልግም። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው። እናቷ በሕፃንነቷ ስላረፈች ብቻውን ነው ያሳደጋት። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ገጽ ሲጠብቅ ኖሯል፤ አንድም ቀን ግን ከአፉ አልወጣም። ልጅቱ ይህን አታውቅም ነበር ብንል ውሸት ነው። አሳምራ ታውቃለች።

ልጅቱም እንደ ዋዛ የምትታይ ተማሪ አይደለችም። የጽሑፍ ስርቆት ምን እንደሆነ ለአንደኛ ዓመቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የምታስረዳው እሷ ናት። ቃሉን እንዳለ ከወሰዳችሁ በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገቡ፤ ሐሳቡን ከወሰዳችሁ በራሳችሁ ቃል ጻፉትና የማን እንደሆነ ተናገሩ፤ እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል ቀይሮ የኔ ነው ማለት የተሰረቀ በሬ ቀንድ ቀለም እንደ መቀባት ነው ትላለች። ሰው ወሬ ሲያወራላት እንኳ "ምንጩስ?" ሳትል ስለማታልፍ ተማሪዎቹ "እሜቴ ምንጩ" የሚል ስም አውጥተውላታል። የራሷ ጽሑፍም እንደ አፏ ነው። ኮምፒውተሩ መርምሮ ከሌላ ጋር የሚመሳሰለው ከመቶ አራት እጅ ብቻ ነው ብሏል፤ እሱም ቢሆን የዋቢ መጻሕፍቱ ዝርዝር ነው።

ኮምፒውተሩ ምስጋናውን አይመረምርም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። ማስረከቢያው አንድ ሳምንት ሲቀረው ባዶ ገጽ ፊት ተቀመጠችና "አባቴን አመሰግናለሁ" ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲያ ጠፋት። ስለ ቆሻሻ ውሃ ማጣሪያ ሰማንያ ገጽ የጻፈች ልጅ ስለ አባቷ ሁለት መስመር ማውጣት አቃታት። የምትጽፈው ሁሉ ተራ እየሆነባት አጠፋችው፤ ምስጋና ሲያነብ የኖረ ሰው ምን ይለኛል ብላ ፈራች። በማግስቱ ለጥናቷ የምትጠቀምበትን አንድ ጥራዝ ላይብረሪ ውስጥ ስትገልጥ ያልተፈለገው ገጽ ተገለጠላት። ከሦስት ዓመት በፊት የተመረቀ ልጅ ለአባቱ የጻፈው ምስጋና ነው። ስታነበው ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ልል የፈለግኩት ይሄንን ነው አለች። በስልኳ ፎቶ አነሳችው፣ ቤት ገብታ ገለበጠችው፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አወጣች፣ የቀረውን እንዳለ ተወችው። ምስጋና እኮ ልማድ ነው፣ ሁሉም ከሁሉም ይገለብጣል፣ ማን ያነበዋል ብላም ራሷን አሳመነች። ማን እንደሚያነበው ከዓለም ሁሉ ይበልጥ የምታውቀው እሷ ሆና!

የማስረከቢያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሦስት ቅጂ ታቅፋ አባቷ ክፍል ገባች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተጠርዞ መምሪያው ቢሮ መግባት አለበት፤ ካልገባ ምርቃቱ ለመጪው ዓመት ነው። አባቷ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ከጎረቤት ፎቶ ኮፒ የምታነሳውን ሴትዮና የበሩን ዘበኛም ጠርቶ አስቀምጧቸዋል።

"ዛሬ እኔ አላነብም፣ ይነበብልኛል" አለ ሙጫ የነካውን እጁን በጨርቅ እየጠረገ። ወደ ሴትዮዋም ዞረ። "እስቲ አንቺ አንብቢልን፣ የሬዲዮ ድምፅ ያለሽ አንቺ ነሽ።"

"አባዬ፣ ሰዓቱ እኮ..." አለች ልጅቱ።

"ሰዓቱ የትም አይሄድም።"

ሴትዮዋ ጉሮሮዋን ጠራረገችና ጀመረች። "ለአባቴ። ሌሊት ሌሊት ሠርተህ ቀን ቀን የሳቅክልኝ አባቴ ሆይ፣ ደክሞኛል የሚል ቃል ከአፍህ ሰምቼ አላውቅም..."

"ወይኔ፣ ሲያምር!" አለ ዘበኛው።

ጠራዡ ቀና አለ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ እንጂ ዓይኑ ውስጥ አልነበረም። ሴትዮዋ "ያኔ የማትተኛው ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር" ስትል ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ "ዛሬ ገብቶኛል" ስትል አብሯት አለ። ከዚያ ቀደማት። "አንተ ያልተኛኸው እኔ እንድነቃ ነው። አሁን ግን እፎይ ብለህ ተኛ።"

ሴትዮዋ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየች። "መጨረሻ ያልከው እዚህ የለም" አለች።

ልጅቱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ያቺ ዓረፍተ ነገር ለሞተ ሰው የተጻፈች መሆኗን ስታወጣት አውቃ ነበር፤ ያወጣቻትም ለዚያው ነው።

"አዎ" አለ ጠራዡ ቀስ ብሎ። "አስቀድማ አሳይታኝ ነበር። ያኔ ነበረችበት። ኋላ አሳጠረችው መሰለኝ።"

"አይ አንተ! በቃልህ እስክትይዘው ነው ያነበብከው?" ብላ ሴትዮዋ ሳቀች። ዘበኛውም እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ሁለቱም ተያይዘው ወጡ።

ልጅቱ አባቷ ሲዋሽ ሰምታ አታውቅም። ጥራዝ ቢዘገይ እንኳ "ረስቼው ነው" የሚል ሰው ነው። ለሷ ብሎ ዋሸ፤ እንዲያውም ቀለል አድርጎ ዋሸ።

"አባዬ..."

"ይህን የጻፈው ልጅ አሁን አንቺ የቆምሽበት ቦታ ነበር የቆመው" አለ ክር እየለካ። "አባቱ ከተቀበረ ስምንት ቀኑ ነበር። አንድ ቅጂ ጨምርልኝ፣ ከፎቶው ሥር ላስቀምጠው አለኝ። እሱ ከሄደ ወዲያ ያቺን ገጽ ሁሌ እያልኳት በቃሌ ቀረች።" ክሩን በጠሰው። "አንቺ ደግሞ ሳልሞት ቀበርሽኝ።"

ሊያስቃት ፈልጎ ነበር መሰል፤ ድምፁ ግን ከዳው።

"ይቅርታ፣ አባዬ።"

"እኔ ሌሊት ሠርቼ አላውቅም። ከመሸ ዓይኔ ክር አያይም።"

"አውቃለሁ።"

"ደክሞኛልም እላለሁ።"

"በየቀኑ ትላለህ" አለች እያለቀሰች።

"ታዲያስ! የሰው ወርቅ አያደምቅም ብቻ ብዬሽ ባለፍኩ፤ የከፋኝ ግን እሱ አይደለም። ስትነበብ ራሴን ፈለግኩት፣ አጣሁት። የለሁበትም።" መርፌውን አነሳ። "በይ፣ ልጠርዘው? ሰዓቱ ሄዷል።"

ይህን ያለው ከልቡ ነው። ዝም ብትል ይጠርዘው ነበር፣ ወርቃማ ፊደል ያትምበት ነበር፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ እስከ መቃብሩ ይዞት ይሄድ ነበር። ለልጅቱ ከስድብ ሁሉ የከፋባት ይኸው ነው። "ቆይ፣ አትጀምር" አለችና ገጿን ከሦስቱም ቅጂ አውጥታ ወጣች።

ከጎረቤት ሴትዮዋና ዘበኛው አሁንም ስለ ምስጋናው እያወሩ ነበር። ልጅቱ በር ላይ ቆመች።

"እትዬ፣ አባቴ አላየውም ነበር" አለች። "አላሳየሁትም። ጽሑፉ የኔ አይደለም፤ አንድ ልጅ ለሞተ አባቱ የጻፈው ነው። ገልብጬ ነው። አባቴ እኔን ሊሸፍን ብሎ ነው ያን ያለው።"

ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን ማየት ጀመረ። ሴትዮዋ ከኮምፒውተሩ ፊት ተነስታ ወንበሩን ለቀቀችላት።

ልጅቱ በዚህ ጊዜ ተራ ይሆናል ብላ አልፈራችም። የፈራችው ነገር ሁሉ ደርሷል። እንዲህ ብላ ጻፈች። "አባቴ ጠራዥ ነው። ከመሸ አይሠራም። ሲደክመው ደክሞኛል ይላል፣ እንደዚያም ሆኖ ጸጉሬን እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ የሠራኝ እሱ ነው፤ ጠባብ አድርጎ ይጎነጉነኝና ትምህርት ቤት ይሳቅብኝ ነበር። የሰው ሁሉ ምስጋና ሲያነብ ኖሮ ተራው ሲደርስ ከሌላ ሰው የገለበጥኩትን ሰጠሁት። በሰው ፊት ሸፈነልኝ። ይህን የምጽፈው አፍሬ ነው።"

"ይሄ እኮ ላይብረሪ ነው የሚቀመጠው፣ ለሁልጊዜ" አለች ሴትዮዋ ከኋላዋ ቆማ።

"አውቃለሁ፣ እትዬ። ሦስት ቅጂ አትሚልኝ።"

ጠራዡ ወረቀቱን ተቀብሎ መስኮቱ ጋ ሄደ። አነበበ። ጸጉሩ ጋ ሲደርስ በአፍንጫው ሳቀ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ፤ ልጅቱም አለፈልኝ ብላ ተነፈሰች። እሱ ግን ወረቀቱን መልሶ ሰጣት።

"አንድ ቀርቷል" አለ። "ልጁ።"

"ልጁ?"

"የሱን አባት ነው የወሰድሽው። ከሌላ ሰው ትያለሽ እዚህ፤ ሌላ ሰው ማነው? ስሙ የለም?"

ልጅቱ አፏን ያዘች። ስሙን ለማግኘት ላይብረሪ መሄድ አላስፈለጋትም። የጽሑፏን መጨረሻ ገለጠች፤ ሰባ ዘጠነኛው ገጽ ላይ፣ ከዋቢዎቹ መካከል፣ ስሙ ከነአባቱ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ፣ ከነገጹ ተጽፎ አገኘችው። ከልጁ ጥናት የውሃ ልኬት ላይ ሦስት ቁጥር ስለወሰደች አንዲት ነጥብ ሳታጎድል ጠቅሳዋለች። ጎረቤት ተመልሳ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ አለችና ስሙን ፊደል በፊደል ወደ ምስጋናው ገለበጠችው።