እስከ ዘጠኝ ሰዓት

1.

«መርፌ የተወጋ ልጅ ይበላል! ሳይበላ ከጠረጴዛ የሚነሳ ልጅ የለም። ስቀው ሊሸውዷችሁ ይችላሉ፤ እንዳትሸወዱ!»

ሲስተር ወይንሸት ይህን ስትናገር ኪሩቤል ደብተሩ ላይ ዳክዬ እየሣለ ነበር።

2.

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሠላሳ ልጆች በክረምቱ ለአንድ ሳምንት ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ካምፕ ገብተዋል። ኢንሱሊናቸውን ራሳቸው መውጋት ይማራሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ፣ ይዘፍናሉ። ኪሩቤል ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ ነው፤ ዕድሜው ሃያ ሦስት፣ ዲግሪ ያለው፣ ሥራ የሌለው።

ኪሩቤል እኔ ነኝ። «እሱ» እያልኩ ስጽፈው ሐፍረቱ ትንሽ ስለሚቀልልኝ ነው። ታገሡኝ።

3. ከማመልከቻ ቅጹ

ለምን በጎ ፈቃደኛ መሆን ፈለጉ?
ሕፃናትን ከልቤ ስለምወድ።
(እውነቱ፦ የምስክር ወረቀት።)

ከሕፃናት ጋር የመሥራት ልምድ አለዎት?
ሰፊ።
(እውነቱ፦ የእህቱን ልጅ አንዴ ፀጉር ቤት ወስዶት፣ እዚያው ረስቶት መጥቷል።)

4.

ወሩ ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ። የካምፑ ምግብ የጾም ነው፤ ልጆቹ ግን ጠዋት መብላት ግዴታቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን ቁርስ ላይ ኪሩቤል ሳህኑን ገፋ አደረገና ጠረጴዛው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣

«እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ፍልሰታን አንድም ቀን ገድፌ አላውቅም» አለ።

ማን ጠየቀው?

ማንም።

የአሥራ አንድ ዓመቷ ሐመልማል ግን አፏን ከፍታ አዳመጠችው። ቤታቸው ወንድሞቿ ሁሉ ይጾማሉ። እሷን እናቷ «አንቺ በሽተኛ ነሽ፣ ይቅርብሽ» እያለች በጠዋት ታበላታለች። ሐመልማል ያቺን ቃል ከመርፌው አብልጣ ትጠላታለች።

«አንድም ቀን?» አለችው።

«አንድም።»

ደስ አለው፣ ቂሉ።

5. ኪሩቤል በዚያ ሳምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት «ሲጾም» የበላው

ሰኞ፣ አራት ሰዓት፦ ሁለት ብስኩት፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ።

ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል፦ ብስኩት ከነማንጎ ጁሱ። ጠርጎ በላ፣ አፉን ታጠበ፣ ከልጆቹ ጋር መዝሙር ዘመረ።

ረቡዕ፦ ወደ 6 እንለፍ።

6.

ረቡዕ ጠዋት ሐመልማል ሆዷ ላይ ራሷን በሥርዓት ወጋች። ሲስተር ወይንሸት አጨበጨበችላት። ቁርስ ሲመጣ ልጅቷ ዳቦዋን ጃኬቷ ውስጥ ሸጎጠች። «ማን ምን በላ» የሚለውን ወረቀት የሚሞላው አጠገቧ የተቀመጠው ኪሩቤል ነበር። ቀና ብሎ እንኳን ሳያያት «ሁሉንም ጨርሳለች» ብሎ ጻፈ።

ሦስት ሰዓት ላይ ገመድ ጉተታ ተጀመረ። ሐመልማል ገመዱን ለቀቀችው። ላብ በላብ ሆናለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ስሟን ሲጠሯት እንደ ሰከረ ሰው ትስቃለች።

ወደቀች።

7. የተባለው እንደተባለ

ሲስተር ወይንሸት፦ ስኳሯ ወርዶ ሠላሳ ስምንት ገብቷል! ጣፋጭ ነገር የያዘ ማነው? ቶሎ በሉ!

(ለእንዲህ ያለው ጊዜ የተዘጋጀው የጣፋጭ ሳጥን አዳራሽ ውስጥ ቀርቷል። ሁሉም ኪሱን ይዳብሳል። ኪሩቤል ከኪሱ ማንጎ ጁስ አወጣ። ግማሹ ተጠጥቷል።)

ሲስተር ወይንሸት፦ ቀና አድርጓት። ቀስ ብለሽ ዋጪ፣ የኔ እናት። እንደሱ... ጎበዝ።

(አሥራ አምስት ደቂቃ። ከሕይወቴ ሁሉ የረዘመው።)

ሲስተር ወይንሸት፦ ሰባ ሁለት። ተመስገን! ተባረክ ኪሩቤል! ለልጆቹ ብለህ በኪስህ ይዘህ ትዞራለህ? አያችሁ፣ በጎ ፈቃደኛ ማለት እንዲህ ነው!

ኪሩቤል፦ ኧረ ምንም አይደል።

አፌን ቁርጥ ያድርገው!

8.

ከሰዓት በኋላ ሲስተር ወይንሸት ለብቻው ጠራችው። በእጇ የተጨማደደ ዳቦ ይዛለች።

«ከጃኬቷ ውስጥ አገኘሁት። ለካ እየጾመች ነው! ብጠይቃት ትንፍሽ አትልም። ቅዳሜ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ወግታ ሳትበላ ብትቀር፣ ጁስ የያዘ ሰው አጠገቧ ባይኖርስ? ትሞትብናለች፣ ኪሩቤል። አንተን ትሰማሃለች፤ እባክህ አናግራት።»

ኪሩቤል የሚላትን ወረቀት ላይ ሞከረ፦

«እግዚአብሔር ከታመመ ሰው ጾም አይፈልግም።» ጥሩ ነው፤ ቄስ ያስመስላል።

«ስታድጊ ትጾሚያለሽ።» ይኼ ውሸት ነው። ውሸት ደግሞ በቅቶታል።

ሦስተኛው በ«ይቅርታ» ይጀምር ነበር። ሰረዘው።

9.

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል።

ኪሩቤል፦ እንዴት ነሽ፣ ሐሙ?

ሐመልማል፦ ደህና። ተቆጣህ እንዴ?

ኪሩቤል፦ አልተቆጣሁም።

ሐመልማል፦ ሦስት ሰዓት ድረስ ብቻ ነው የቻልኩት።

ኪሩቤል፦ ሐሙዬ፣ ስሚኝ...

ሐመልማል፦ ነገ ግን እበረታለሁ። እስከ አራት፣ ከዚያ እስከ አምስት... ቀስ በቀስ ይለመዳል፣ አይደል? አንተ ግን ጋሼ፣ እንዴት ነው የምትችለው?

ኪሩቤል፦ ይቅርታ፣ ሐሙ...