ባዶው በርጩማ

ሙናዊር አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ ካቆመ ሰባት ዓመት አልፎታል። ጨርቅ አስመጪ ነው። በዚያ ላይ አሮጌውን የሱቅ ረድፍ አፍርሰው ለሚሊኒየሙ ይደርሳል የተባለ ባለ ስድስት ፎቅ ሊያቆሙ የተነሱ የመቶ ሰማንያ ነጋዴዎች ማኅበር ሰብሳቢ ነው። ይህ አልበቃ ብሎ ሽማግሌም ነው፤ ዕድሜው ገና አርባ አራት ቢሆንም አንዋር መስጊድ ሰፈር የተጣላ ሁሉ እሱን ያስጠራል። ቶሎ ይፈርዳላ!

ሰሞኑን ግን እግሩ ብቻ ሳይሆን ልቡም አላርፍ ብሎታል። አሥራ አንድ ዓመት ሱቁን የያዘለት ታናሽ ወንድሙ ፉርቃን ድርሽ ካላለ አራተኛ ቀኑ ነው። ስልክ አያነሳም። ሌላ ሠራተኛ ቢሆን ሙናዊር በማግስቱ ይተካው ነበር፤ ፉርቃንን ግን ከአባታቸው ሞት በኋላ አሳድጎታል፣ ድሮታል። ጥሎኝ ሊሄድ ይሆን? ይህ ሐሳብ በመጣበት ቁጥር ስልኩን አንስቶ ለሆነ ሰው ይደውላል።

ረቡዕ ጠዋት ሐጂ አብዱልከሪም ደወሉለት።

«ሙናዊር፣ የሁለት ወንድማማቾች ጉዳይ ይዘናል። ዛሬ ስምንት ሰዓት እኔ ሱቅ ቆጥ ላይ እንቀመጣለን። ነገሩ እንኳን...»

«ገባኝ ሐጂ፣ ገባኝ። እመጣለሁ» ብሎ ዘጋው። ሐጂ ገና አልጨረሱም ነበር።

በስምንት ሰዓት መንገዱ ከሲኒማ ራስ ጀምሮ ተዘግቷል። መኪናውን ለሹፌሩ ጥሎ፣ ከተሸካሚዎች ጋር እየተጋፋ፣ በስልክ ከመሐንዲሱ ጋር እየተጨቃጨቀ ደረሰ። ቆጡ ላይ ሐጂና ሁለት ሽማግሌዎች ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ደረጃው አጠገብ እንደ ደንቡ ሁለት በርጩማ አለ፤ አንዱ ለከሳሽ፣ አንዱ ለተከሳሽ። ሁለቱም ባዶ ናቸው። ሙናዊር ጫማውን አውልቆ ከሐጂ ጎን ፍራሹ ላይ ዘፍ አለ።

«ዘጠኝ ሰዓት ስብሰባ አለኝ። ሰዎቹ የታሉ? ወንድማማች ሲጣላ መቼም ጥፋቱ የታላቁ ነው፤ እሱን ቆንጠጥ አድርገን...»

ሐጂ ምንጣፉን ያያሉ። ያኔ ፉርቃን ደረጃውን ወጣ፤ ሰላምታ ሰጥቶ አንደኛው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

ሙናዊር መጀመሪያ፣ ይሄ ልጅ ከማን ጋር ተጣልቶ ነው ብሎ አሰበ። የምሩን ነው! ከዚያ ቀሪውን በርጩማ አየና ፊቱ ጋለ። ተነስቶ ሄዶ ተቀመጠበት።

ፉርቃን ወንድሙን ሳያይ ለሽማግሌዎቹ ተናገረ።

«አልደበደበኝም፣ አላስራበኝም። የዛሬ አራት ወር ሚስቴ ራዲያ በሰባት ወሯ የሞተ ልጅ ወለደች። ነገርኩት። ‹ገባኝ፣ አላህ ይተካችሁ› አለኝና መኪናና ሹፌር ሰጠኝ። ቀብሬ ስመለስ አንድ ነገር ልጠይቀው ሄድኩ። ‹ገባኝ፣ ዕረፍት ውሰድ› አለኝ። ከዱባይ ሲመለስ ደግሜ ሄድኩ። ‹ገባኝ፣ ደመወዝ ነው አይደል?› አለኝ፤ ጨመረልኝም። ሐጂ፣ እኔ ከእንግዲህ እዚያ ሱቅ አልገባም።»

ሙናዊር መልሱን አፉ ላይ ደርድሯል፤ ሹፌሩ ሳምንት ሙሉ አብሯችሁ አልነበር? እኔስ ምን ጎደለብኝ? ከሁለቱ ስልኮቹ አንደኛው ኪሱ ውስጥ ጮኸ፤ ሁለተኛውም ተከተለ። የስብሰባው ሰዎች ናቸው። አንዱንም አላወጣም። ፈርቷል። ወንድሙ ከእጁ እየወጣ ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን አያውቅም። የሰውን ጠብ በሩብ ሰዓት የሚፈታው ሰውዬ የራሱን ጥፋት ፈልጎ አጣው።

«ፉርቃን» አለ በመጨረሻ። «ምን ልትጠይቀኝ ነበር?»

ፉርቃን ፊቱን ወደ እሱ አዞረ። አላመነውም። ያቋርጠኛል ብሎ ትንሽ ጠበቀ።

«ስሟን» አለው። «አባባ የለም፤ የልጄን ስም የምታወጣው አንተ ነህ ብዬ። ሴት ነበረች። ራዲያ ያለ ስም አትቅርብኝ ብላ ለምናኝ ነበር። እናቷ እስካሁን ‹ያቺ ልጅ› ነው የምትላት።»

ሙናዊር ስም ሊያወጣ አፉን ከፈተ። አንድም አልመጣለትም። እዚያው በርጩማው ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።