አይቸው ማለደ የተጻፈባት ወረቀት

አይቸው ማለደ ያቺን ወረቀት በፕላስቲክ ሸፍኖ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ከአንሶላዎቹ ሥር ሦስት ዓመት አኖራት። ለላፕቶፕ የተገዛች የተራዘመ ዋስትና ናት፤ ፋብሪካው በሚሰጠው አንድ ዓመት ላይ ሁለት ዓመት የምትጨምር። ሚስቱ ይርገዱ አንሶላ ባነሣች ቁጥር «ኦሪትህን አቧራ እንዳይነካት» ትለው ነበር። እሱ አንሶላውን መልሶ ይደርብባታል። መልስ ቢሰጣት ሌላውንም ሁሉ መናገር ሊኖርበት ነው።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። በፈረንጆች 2003 ልጃቸው አልማ ለነርስነት ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ገባች። ከቃታሞኒም ሰፈር ብሎካቸው ተነሥተው፣ ያፎ መንገድ ላይ ካለ ሱቅ ላፕቶፕ ሊገዙላት ሦስቱም ሄዱ። ማሽኑ ተመርጦ ካለቀ በኋላ ሻጯ ልጅ በዕብራይስጥ «ሁለት ዓመት ዋስትና ልጨምርላችሁ?» አለች።

ይርገዱ በአማርኛ ዞረችበት። «ገና ሳይበላሽ የመበላሻውን ክፈሉ ነው የምትለው? እኔ በሬ ስገዛ የተዝካሩን አብሬ አልከፍልም!»

አይቸውም እንደሷው ሊል ነበር። ሻጯ ግን እስኪወስኑ ድረስ ብላ ቅጹን ሳበችና «ስም?» አለችው። መታወቂያ አልጠየቀችም።

«አይቸው» አለ። ምን እንዳናገረው ራሱም አያውቅም።

ልጅቱ ፊደል በፊደል ጻፈችው። ከዚያ ወረቀቱን ወደሱ አዙራ «ትክክል ነው የጻፍኩት?» አለች።

በዚህ አገር አሥራ ስምንት ዓመት ሲኖር፣ ጠረጴዛ ኋላ ከተቀመጠ ሰው ይኸን ጥያቄ ሰምቶ አያውቅም። በሱዳን በኩል በመጡበት ጊዜ ከአውሮፕላኑ ሥር ስሙን የጠየቀችው ጸሐፊ ሁለት ጊዜ አስደገመችው፤ ለምላሷ ቢከብዳት «ኤሊያሁ» ብላ ጻፈችና «ቀጥል!» አለች። ቀጥል ያለችው ከኋላው ያለውን ነው፣ የሱማ አለቀ። እናቱ ሦስት ልጅ ቀብራ፣ አራተኛው ሲወለድ «ቢኖርም ባይኖርም በዓይኔ አይቸዋለሁ» ብላ ያወጣችለት ስም ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሱ ከአውሮፕላን መሰላል አልዘለለም። ከዚያች ቀን ወዲህ በመታወቂያ ኤሊያሁ፣ በባንክ ኤሊያሁ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ሲደርስም ኤሊያሁ። አይቸው የሚለው ሚስቱና አንድ ሁለት የአገሩ ሰው ብቻ ነው።

«ትክክል ነው» አላት ሻጯን። «ሁለቱንም ዓመት ጨምሪ።» አሥር ዓመት ብትለው አሥሩን ይጨምር ነበር። ሻጯ ገልብጣ ጣቷን ባሳረፈችበት ቦታ ፈረመና ወረቀቷን እሱው ያዛት። ላፕቶፑን አልማ ተሸከመች።

አይቸው የማዘጋጃ ቤት ጠራጊ ነው፤ የደረሰው መንገድም ኢትዮጵያ ጎዳና። «ኢትዮጵያን ጥዬ መጥቼ ኢትዮጵያን እጠርጋለሁ» ይላል፤ ሲለው ግን አይስቅም። እዚያ ያለውን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በር የሚጠብቀው ዓምደሚካኤል እንደሱው የጎንደር ሰው በመሆኑ፣ አንዱ ቤተ እስራኤል ሌላው ክርስቲያን ቢሆንም በየጠዋቱ ይጨዋወታሉ። በማግሥቱ ወረቀቷን ከኪሱ አውጥቶ አሳየው።

«አያ አይቸው፣ ይኸ ምኑ ይገርማል?» አለ ዓምደሚካኤል። «የኔም ቪዛዬ ላይ ዓምደሚካኤል ነው የሚለው። አንድም ፊደል አልነኩብኝ።»

«ያውልህ! አንተ እንግዳው በስምህ ትጠራለህ። እኔን የቤት ልጅ ነህ ብለው አምጥተው፣ ስሜን ከደጅ አስቀሩት።»

«ውሻ መሰለህ እንዴ ከደጅ የሚቀር?»

«ውሻማ በስሙ ይጠራል።»

ዓምደሚካኤል ሳቁን ዋጠና ወረቀቷን መለሰለት። «ለመሆኑ ለማን ነው ዋስ የምትሆነው?»

«ለማሽኑ ነው ይላሉ» አለ አይቸው በጥንቃቄ እያጠፋት። «እኔ ግን ለኔ ነው እላለሁ።»

እንዲህ ሲል ሲል ሦስተኛው ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀሩት። በሰኔ አንድ ቀን የላፕቶፑ ስክሪን ጠቁሮ ቀረ። አልማ የዓመቱን መጨረሻ ጽሑፏን ልታስረክብ የቀራት ሁለት ሳምንት ነው፤ ጽሑፉም ያለው እዚያው ማሽኑ ውስጥ። ስታለቅስ አደረች።

«በል እንግዲህ» አለች ይርገዱ በጠዋት፤ «ኦሪትህን አውጣና ተአምሯን እንይ።»

አባትና ልጅ ታልፒዮት ሰፈር ወዳለው የኮምፒውተር መጠገኛ ሄዱ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ቶቫ የምትባል፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ወረቀቷን አየች፣ መታወቂያውን አየች፣ እንደገና ወረቀቷን።

«አይቸው ማን ነው?»

«እኔ።»

«አንተ ኤሊያሁ ነህ።»

«መታወቂያው እንዲያ ይላል።»

«ዋስትናው ለሌላ ሰው አይተላለፍም።»

«የምን ሌላ ሰው? ሰውየው ፊትሽ ቆሟል!»

አልማ ጣልቃ ገባች። ዕብራይስጧ እንደ ውኃ ነው የሚፈሰው። «ምንም አይደለም፣ ዝም ብሎ የቤት መጠሪያው ነው። ትልልቆቹ ናቸው እንዲህ የሚሉት።»

አይቸው ልጁን አያት። የቤት መጠሪያ! እንደ ድመት።

ቶቫ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ክፉ ብትሆን ይሻለው ነበር። «እንግዲያው ቀላል ነው» አለች። «አይቸው የሚለውን እሰርዛለሁ፣ በላዩ ኤሊያሁ ብዬ እጽፋለሁ፣ አንተ ከጎኑ ትፈርማለህ። ማሽኑ በነጻ ይጠገናል።» ብዕሯን አነሣች።

አይቸው መዳፉን ወረቀቷ ላይ ጫነ። «አይሰረዝም።»

«አባ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን!»

«ሥራዬ እኮ ውስጡ ነው ያለው! ለአንድ ስም ብለህ?»

«አንድ ነው ያለኝ። ስንት እንዲኖረኝ ፈለግሽ?»

«ኤሊያሁ ምን ይጎድለዋል?» አለች አልማ። «ቆንጆ ስም ነው። ትምህርት ቤትም፣ ወታደር ቤትም የኤሊያሁ ልጅ ነኝ እያልኩ ነው የኖርኩት። ሌላውንማ የት አውቀዋለሁ?»

ይኸ ገብቶ ተቀመጠበት። ከኋላ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀምረዋል። ክፉ ቃል ከአፉ ሲወጣ እየሰማው፣ ሊመልሰው ሳይችል፣ «ይቃጠል ማሽኑ!» አለ።

አልማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቶቫ መነጽሯን አጠለቀችና ወረቀቷን ከመዳፉ ሥር ቀስ ብላ ስባ ገለበጠቻት። አይቸው የሚያነባት ፊት ለፊቷን ብቻ ነው፤ ስሙ ያለበትን። ጀርባዋ ጉንዳን የመሰለ ጽሑፍ ስለሞላበት ከፈረመ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይኑን ጥሎበት አያውቅም።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ቶቫ። «ምን አጨቃጨቀን? መሰረዝም አያስፈልግም። የፈረመው እኮ ኤሊያሁ ነው።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ከታች፣ ያቺ ሻጭ ጣቷን ባሳረፈችበት ቦታ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ የገዛ እጁ ጽሕፈት ተጋድሟል፤ ኤሊያሁ። እንደመጡ ሰሞን ሾሻና የምትባል የቋንቋ አስተማሪ እጁን ጨብጣ ሳምንት ሙሉ ያስለመደችው ፊርማ። ሌላ ፊርማ ኖሮት አያውቅም። ለደመወዝ እሱን፣ ለቤት ኪራይ እሱን፣ አልማ ክትባት ስትወጋ እሱን። ያን ቀንም አፉ «አይቸው» ሲል፣ እጁ ሳያማክረው የለመደውን ጽፏል።

«መታወቂያውና ፊርማው ተስማምቷል» አለች ቶቫ ማኅተሟን እየመታች። «መልካም ነው ኤሊያሁ፣ ዋስትናህ ይሠራል።»

ወረቀቷን ቀድዳ አልጣለችም፤ ፋይል ውስጥ ከተተቻት፣ እዚያው ቀረች። ለሱ የማሽኑን መረከቢያ ሰጠችው። መረከቢያው ላይ የታተመውን ስም ማንበብ አላስፈለገውም። ደጅ ሲደርሱ አልማ ጉንጩን ሳመችው። «አየህ አባ? ሠራ!» መረከቢያውን አጥፎ እጇ ላይ አኖረላት።

አልማ ጽሑፏን በቀኗ አስረከበች። ይርገዱ እንኳ ያን ሁሉ ዓመት ስታሽሟጥጥ እንዳልኖረች «ያ ገንዘብ ለካ በከንቱ አልወጣም» አለች።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ የጠራጊዎቹ አለቃ ደመቀ እንደ ወትሮው በሥራ መገኘት የሚፈረምበትን ወረቀት ይዞ ኢትዮጵያ ጎዳና ጥግ ላይ መጣ። «ጋሼ ኤሊያሁ፣ ይፈርሙልኝ።»

አይቸው ብዕሩን ተቀበለ። ከዚያ በልጅነቱ ቄሱ በአሸዋ ላይ ባስቆጠሩት ፊደል፣ አንድ ባንድ እያስታወሰ አራቱን ጻፈ፤ አይቸው።

ደመቀ ወረቀቱን አቅንቶ አየ። «ይኸ ማን ነው? ዝርዝሬ ውስጥ እንዲህ የሚባል ሰው የለም እኮ ጋሼ። ቢሮ ሲደርስ ቀርቷል ብለው ቀንዎን ያቃጥሉብዎታል። እባክዎ ያስተካክሉት።»

የራሱ አገር ልጅ ነው እንዲህ ያለው፣ ያውም በአማርኛ፣ ያውም በአክብሮት። አይቸው ቶቫ ያልሰረዘችውን ስም በገዛ እጁ አንድ መስመር ጎተተበት። ከጎኑ የተለመደውን ፈረመ፤ እሱ ሳያስበው ወጣ።

መጥረጊያውን እየገፋ በሩ ዘንድ ሲደርስ ዓምደሚካኤል ከውስጥ ተጣራ። «አያ አይቸው! የት ጠፋህ? ያቺ ወረቀትህስ? ለማሽኑ ዋስ ሆነችው?»

«ሆነችው» አለ አይቸው ቀና ሳይል።

«ላንተስ?»

ከበሩ ሥር የተከመረውን ቅጠል ሰብስቦ አካፋው ላይ አደረገ።

«እኔማ የዋስትናው ውል ላይ የለሁም» አለ፤ ቅጠሉን ጋሪው ውስጥ ደፋው።