ቀጥ ያለችው ኳስ

ኳሷ ከጓንቱ ነጥራ አንገቱ ሥር መታችውና እግሩ አጠገብ ወደቀች። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ያለው የቤዝቦል ቀላቢ፣ ክራንዝ፣ ተደፍቶ አፈናት። ወደ ኋላ አላለፈችውም፤ ዛሬ የሚያስጨንቀው ይኸው ብቻ ነበር። አሰልጣኙ ጠዋት ጠርቶት፣ አንዲት ኳስ ብታመልጠው ነገ ሻንጣውን ይዞ እንዲሄድ ቁርጡን ነግሮታል።

አንጀቱን የሚያሳርረው ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑ ነው። የቡድናቸው ወርዋሪ ፈርጊስ ክንዱ ከደከመ ወዲህ ኳስ በጥፍሩ ጫፍ ይዞ ሳያሽከረክር መልቀቅ ለምዷል። እንዲህ የተለቀቀች ኳስ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች፤ መቺው አያገኛትም፣ የት እንደምትሄድ ፈርጊስ ራሱም አያውቅም። ስታመልጥ ግን መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የቀላቢው ስም ነው። ክራንዝ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖረ። ሁለት ጣቶቹ ተሰብረው ጠመው ቀሩ፤ ፈርጊስ አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ ብሎት አያውቅም።

የዊቺታ ከተማ ፀሐይ አናት ይበሳል። የባለሜዳዎቹ የመጨረሻ መቺ ቆሟል፤ እነ ክራንዝ በአንድ ነጥብ ይመራሉ፤ ሜዳው ላይ ግን ሮጦ ገብቶ ነጥብ ሊያስቆጥር አንድ ሯጫቸው አድብቷል። ክራንዝ ከጭኖቹ መሃል አንድ ጣት ዘረጋ፤ ቀጥ ያለ ወርውር ማለቱ ነው። ፈርጊስ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ደገመለት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። ክራንዝ ጭንብሉን አውልቆ እየተነጫነጨ ወደ እሱ ሄደ።

«ስማ አንተ ግትር፣ አንዲት ብታመልጠኝ ነገ እዚህ የለሁም። አንዴ እንኳ ቀጥ አድርገህ ወርውርልኝ።»

«ቀጥ ያለችው ኳሴ ከሞተች ቆየች እኮ።»

«ዘጠኝ ዓመት ችዬሃለሁ። አንዴ ነው ያልኩህ።»

ፈርጊስ የክራንዝን የጠመሙ ጣቶች አየት አደረገ።

ክራንዝ ተመልሶ ቁጢጥ አለና አንዷን ጣት ዘረጋ። ፈርጊስ በዚህ ጊዜ እሺ አለ። ኳሷ መጣች፤ ቀጥ ያለች፣ ለስላሳ፣ ሕፃን የሚቀልባት። ጓንቱን ከፍቶ ጠበቃት። አልደረሰችም። የመቺው ዱላ ጮኸ፤ ሕዝቡ አንገቱን አቃና፤ ኳሷም አጥሩን አልፋ ከእህል ጎተራው ጀርባ ጠፋች። ሯጩና መቺው እየሳቁ ተከታትለው ገብተው ሁለት ነጥብ አስቆጠሩ፤ ጨዋታው በዚያው በእነ ክራንዝ ሽንፈት አለቀ።

አሰልጣኙ ሲያልፍ የክራንዝን ትከሻ ነካ አድርጎ፣ ዛሬ አንድም አላመለጠህም አለው። ከዚያ ወደ ፈርጊስ አቀና። ፈርጊስ ኮፍያውን አውልቆ አዳመጠው፤ አንዴም አልተከራከረም። ምን እንደተባለ ለማወቅ ክራንዝ መስማት አላስፈለገውም፤ ያው የጠዋቱ የሻንጣ ነገር ነው።

ፈርጊስ ወደ መውጫው ሲያዘግም ክራንዝ አጠገብ ደርሶ ቆመና ጠየቀው።

«ቀጥ ብላ ነበር?»

«ቀጥ ብላ ነበር» አለ ክራንዝ። አሁንም ቁጢጥ እንዳለ ነበር፤ ጓንቱም እንደተከፈተ።